የግቢው ጎርፍም ይመርመር



ይህን የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የፋብሪካ ማጣሪያ ጣቢያ ኃላፊዎች ሥልጠና እዚህ ሞጆ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ያደረግነው ሆን ብለን ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ቁጥጥር ሲባል የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው ከማጣሪያ ጣቢያው በሚወጣው ቱቦ ላይ ነው። ናሙና የምንቀዳው ከዚያ፣ ሪፖርት የምንጽፈውም ስለዚያ ነው። በጭነት ማውረጃውና በርሜል በተደረደረበት ጓሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ግን ብዙውን ጊዜ በማጣሪያው በኩል አያልፍም፤ በራሱ ቦይ ወደ ወንዝ ይገባል። ዛሬ ትኩረታችሁን የምጠይቀው ለዚህ ውኃ ነው።

ለውይይት የመረጥነው ጉዳይ በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳንታ ሱሳና የምርምር ጣቢያ ነው። ከሎስ አንጀለስ ብዙም ሳይርቅ ኮረብታ ላይ የተንጣለለ፣ ከ1,100 ሄክታር በላይ የሚሰፋ ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሮኬት ሞተር ሲሞከርበት ኖሯል። የኑክሌር ማብላያዎችም ነበሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የአንዱ ማብላያ ነዳጅ በከፊል ቀልጧል። ሞተሮቹ ይታጠቡበት የነበረው ትራይክሎሮኤቲሊን የተባለ ቅባት ማስለቀቂያ ወደ አፈሩና ወደ ከርሰ ምድር ውኃው ሰርጓል። የሞተር ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2006 ቆመ፤ ቁጥጥሩ ግን እስከ ዛሬ አለ። ምክንያቱም በዘነበ ቁጥር ጎርፉ በአንድ በኩል ወደ ሎስ አንጀለስ ወንዝ መነሻ፣ በሌላ በኩል ወደ ሲሚ ሸለቆ ይወርዳል። የአካባቢው የውኃ ጥራት ቦርድ የጎርፍ መውጫዎቹን አንድ በአንድ ቁጥር ሰጥቶ፣ እንደ እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ ዳዮክሲንና ፐርክሎሬት ላሉት በካይ ነገሮች ለጣቢያው በሰጠው የፍሳሽ ፈቃድ ላይ የመጠን ገደብ አስፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዉልዚ ሰደድ እሳት የግቢውን አብዛኛውን ክፍል ሲያቃጥለው፣ አፈሩን ይዞ የነበረው ቁጥቋጦ አብሮ ነደደ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ዝናብ ያረፈው በተራቆተ መሬት ላይ ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው፣ «ሥራ አቁሜያለሁ» ማለት ባለቤቱን ከኃላፊነት እንዳላወጣው ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ፣ ወደ አዋሽ የሚሄድ ነው፤ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል። የቆዳ ፋብሪካ ግቢ ስትገቡ ከማጣሪያው በፊት ጓሮውን እዩልኝ። ሥሩ የተቀደደ የክሮም ጨው ከረጢት ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ይሆናል፤ አጠገቡ ሰማያዊ የቆዳ ፍቅፋቂ ተከምሮ፣ ከጄኔሬተሩ ሥር ዘይት ተንጠባጥቦ። ዝናቡ ሲጀምር ከከረጢቱ ሥር አረንጓዴ ውኃ ቀጥኖ ይወጣና ቦዩን ይዞ ይሄዳል። በበጋ የተጠራቀመውን ጠራርጎ የሚወስደው ይኸው የመጀመሪያው ጎርፍ ስለሆነ፣ ናሙናው ውኃው መፍሰስ በጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መቀዳት አለበት። ጎርፉ ከጠራ በኋላ የተቀዳ ጠርሙስ ፋብሪካውን ነጻ ያወጣል፤ ከታች ያለውን ገበሬ ግን አይጠቅመውም። ፒኤች እዚያው ቦዩ ዳር ይለካ። ለብረታ ብረት ምርመራ የሚሄደው ጠርሙስ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበት፣ ካልሆነ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ሰዓቱ መለያው ላይ ይጻፍ።

ለዚህ የሚሆን ሕግ አለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተቆጣጣሪው ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በማንኛውም ጊዜ ግቢ እንዲገባ ይፈቅድለታል። ዝናብ በሥራ ሰዓት ብቻ ስለማይዘንብ፣ «በማንኛውም ጊዜ» የሚለውን እንጠቀምበት።

ከፋብሪካ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የኬሚካል መጋዘንን ጣራ ማልበስ፣ በርሜል የሚቀመጥበትን ወለል በግንብ ከብቦ ማጠር፣ የጣሪያውን ንጹሕ ውኃ ከጓሮው ጎርፍ መለየት፣ የተበከለውን ሁሉ አጠራቅሞ ከማጣራት በእጅጉ ይረክሳል። ዛሬ የምንጠይቃችሁ ከዚህ እንድትጀምሩ ነው።

ከሰዓት በኋላ በየቡድናችሁ የግቢ ካርታ ይዛችሁ የጎርፍ መውጫዎችን ቁጥር እየሰጣችሁ ትዞራላችሁ። ቦቲ ጫማ ያልያዘ ከአዘጋጆቹ ይውሰድ። ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ።