ጦር ይዞ ውሃ ዳር

እኛ የወረኢሉና የመካነ ሰላም ደገኞች ጦርን የምናውቀው በየብስ ነው። በጋምቤላ ግን፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ አኙዋኮችና ኑዌሮች በጦር ዓሣ ይወጋሉ። በተለይ በበጋ ውሃው ጎድሎ ዓሣው በየኩሬው ሲሰበሰብ ብዙ ሰው ጦሩን ይዞ ይወጣል።

ሰውን ወደዚያ የሚስበው ምንድን ነው? አንዱ ቤተሰብን የማብላት ኩራት ነው። ሌላው ዝምታው ነው፤ ኮቴ ከተሰማ ዓሣው ስለሚሸሽ የተበተነ ሐሳብ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ሦስተኛው ምርጫ ነው። መረብ ያገኘውን ይዞ ይወጣል፤ ባለጦር ግን አይቶ፣ ትልቁን ለይቶ መውጋት፣ ትንሹን እንዲያድግ መተው ይችላል።

መውጋቱ ግን ልምድ ይጠይቃል፤ ውሃ ብርሃንን ስለሚሰብር ዓሣው ካለበት ከፍ ብሎ ይታያል። ልምድ ያለው ሰው ዓይኑ ካሳየው ዝቅ አድርጎ ያነጣጥራል። ይህን የሚማረው ከታላላቆቹ ጋር ውሎ፣ ደጋግሞ ስቶ ነው።

እኛም ወንጪት ወንዝ ብንወርድ፣ ሐይቅ ብንዘልቅ፣ ገበያ ብንውል ይህ ይበጀናል፤ ረጋ ብለን እንይ፣ የሚበቃንን እንውሰድ፣ ለሚያድገው ጊዜ እንስጠው።