ጨዋታ መሥራት ጨዋታ ነውን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ባለፈው የወላጆች ስብሰባ፣ «ልጆቻችን ጊዜያቸውን በኮምፒዩተር ጨዋታ ያባክናሉ፤ የክበቡ ሰዓት ለፈተና ጥናት ይሰጥ» የሚል አሳብ መቅረቡን ሰምተናል። አሳቡ ከወላጅ ፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ጨዋታ መጫወትና ጨዋታ መሥራት የተለያዩ መሆናቸውን በሥራችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ዘንድሮ የሠራነው ገበጣን ነው። መሣሪያችንም በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረበው ስክራች ነው፤ ይኸውም ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየደረደሩ ፕሮግራም የሚሠሩበት፣ በአማርኛም የሚገኝ ነው።

በመጀመሪያ ያስቸገረን ደንቡ ነው። ገበጣ በየአገሩ ልዩ ልዩ ደንብ ስላለው፣ አንዳችን ከአያቱ የተማረው ከሌላው ጋር አልተስማማም። ሰው ተከራክሮ ይስማማል፤ ኮምፒዩተር ግን ያልተነገረውን አይገምትም። ስለዚህ 12 ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱም 4 ጠጠር፣ በጠቅላላው 48 እንዲሆን ወስነን ደንቡን አንድ በአንድ ጻፍን።

ጉድጓዶቹንም ከ0 እስከ 11 ቈጠርናቸው። ከ10 ቍጥር ላይ 4 ጠጠር ቢነሣ በ11፣ በ12፣ በ13 እና በ14 ላይ ሊወድቅ ነው፤ ከ11 በላይ ግን ጉድጓድ የለም። መፍትሔው ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ሆነ፤ 12 ወደ 0፣ 13 ወደ 1፣ 14 ወደ 2 ተመለሰ። በልጅነታችን «ምን ይጠቅመናል?» ያልነው የማካፈል ቀሪ እዚህ ሥራ አገኘ።

አንድ ቀን ደግሞ 48ቱ ጠጠሮች 52 ሆነው ተገኙ! ሁለት ቀን ሙሉ ምክንያቱን ፈለግን። ለካ ጠጠር ያነሣንበት ጉድጓድ ባዶ እንዲሆን ሳናዝ ቀርተን ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በየተራው መጨረሻ በጉድጓድ ያለውና የተበላው ተደምሮ 48 መሆኑ እንዲመረመር አደረግን።

ጨዋታው ባለቀ ጊዜ ለታናናሾቻችን ብንሰጣቸው ወዲያው ጥለውት ሄዱ። ጠጠሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚዘሉ የት እንደ ወደቁ አይታይም ነበር። ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የእኛ ነበረና፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ በዝግታ እንዲወርድ አደረግን። ለሌላ ሰው መሥራት ማለት በዓይኑ ማየት መሆኑን በዚህ ተማርን።

ከመካከላችን በክበቡ ምክንያት ውጤታቸው የቀነሰ እንዳሉ አንደብቅም። ስለዚህ በፈተና ሳምንታት ክበቡ እንዳይሰበሰብ ራሳችን ወስነናል። የምንለምናችሁ ግን ፈጽሞ እንዳይዘጋ ነው።

ውድ ወላጆቻችን፣ ዛሬ ገበጣውን መጥታችሁ ተጫወቱልን። ደንቡ ከአያቶቻችሁ የተለየ ከሆነ ንገሩን፤ እንጽፈዋለን።