ለኬሞቴራፒ መንገደኛ የሚያስፈልግ ስንቅ



ከላሊበላ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በነአኩቶ ለአብ ዋሻ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ይጠራቀማል፤ ምእመኑም ጠበል ብሎ ይጠጣዋል። ከዚያ ተነሥታ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ፣ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኬሞቴራፒ የምትወስድ እናት የግሉኮሱ ጠብታ እንግዳ አይሆንባትም። የሚከብዳት የሰዓቱ ርዝመት ነው። መርፌ በተሰካበት እጅ እንዝርት አይሾርም። ጋቢ፣ ዳዊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያወጋት ዘመድ ያስፈልጋታል።

ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀይ መድኃኒት ሽንትን እንደሚያቀላ አስቀድሞ ካልተነገራት ደም መስሏት ትደነግጣለች። መርፌው የገባበት ቦታ ቢያቃጥላትም ነርሷን ላለማስቸገር ብላ በይሉኝታ ዝም እንዳትል መምከር ይገባል፤ ከደም ሥር የወጣ መድኃኒት ሥጋን ክፉኛ ይጎዳልና።

ዋናው ስንቅ ግን የመልሱ ነው። በብዙዎቹ መድኃኒቶች ነጭ የደም ሕዋስ እጅግ የሚያንሰው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ እርሷ ላስታ ገብታለች። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ቢደርስ፣ ቀጠሮዋ በ21ኛው ቀን ነው ተብሎ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መድረስ አለባት። ስለዚህ ቴርሞሜትር ይዛ፣ የመድኃኒቶቿን ስምና የወሰደችበትን ቀን የያዘ ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመለስ። ያልፈላ ውኃ በእነዚያ ቀናት ስለሚያሠጋ፣ የጠበሉን ነገር ከንስሐ አባቷ ጋር መመካከር የሚገባት ሕክምናው ሳይጀመር ነው።