መሐንዲስ አለቃ ሲሆን፤ የሙያ መካሪ ለአመራር ዕድገት የሚሰጠው ጥቅም

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው መሐንዲስ በትምህርት ላይ ሳለ ስለ ብረትና ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ውሃ ግፊትና ስለ አፈር የመሸከም ኃይል ብዙ ይማራል። ስለ ሰው የሚማረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሥራ ይዞ በሙያው የተመሰገነ እንደ ሆነ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የክፍል ኃላፊ ወይም የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ተብሎ ይሾማል። የሹመቱ ደብዳቤ በደረሰው ዕለት የሥራው ዓይነት ፈጽሞ ይለወጣል። ትናንት የሚጠየቀው በገዛ እጁ ስለ ሠራው ስሌት ነበር፤ ዛሬ የሚጠየቀው ሌሎች ስለሚሠሩት ሥራ ነው። ለመጀመሪያው ሥራ ዓመታት የፈጀ ትምህርት ተሰጥቶታል፤ ለሁለተኛው የተሰጠው ደብዳቤ ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ የሚደርሰው ጉዳት በየሥራ ቦታው የሚታይ ነው። አዲሱ ኃላፊ የሚያውቀውን ሥራ መልቀቅ አይሆንለትም። በሥሩ ያሉት ወጣቶች ያዘጋጁትን ንድፍ ሌሊት ቁጭ ብሎ እንደገና ይሠራዋል፤ በአንጻሩ የእርሱን ፊርማ የሚጠብቀው ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ይከማቻል። ወጣቱ መሐንዲስም የሠራው ሁሉ እንደሚሻርበት ሲያይ፣ ወይ ማሰቡን ይተዋል፣ ወይ መሥሪያ ቤቱን ይለቃል። እንዲህ ሲሆን መሥሪያ ቤቱ አንድ ጥሩ መሐንዲስ አጥቶ አንድ የተጨነቀ አለቃ ያተርፋል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም አለቃው ቁጣን እንጂ ማዳመጥን ያልለመደ እንደ ሆነ፣ በግድግዳው ላይ የታየው ስንጥቅ ወሬው ወደ እርሱ የሚደርሰው ዘግይቶ መሆኑ ነው። በምሕንድስና ሥራ የዘገየ ወሬ ከገንዘብ አልፎ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከሚሆኑት አንዱ በእንግሊዝኛ «ኮቺንግ» የሚባለው የሥራ ዘዴ ነው። አሠልጣኝነት ቢባል ከኳስ ሜዳ ጋር ይያያዛል፤ አማካሪነት ቢባል ንድፍ ከሚያዘጋጁትና ግንባታ ከሚቆጣጠሩት ድርጅቶች ጋር ይምታታል። ስለዚህ በዚህ ንግግር ውስጥ «መካሪ» የሚለው ነባር ቃል ተመርጧል። መካሪ የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ ተብሎ የለምን? ሆኖም የዚህ መካሪ ዋና ተግባር መናገር ሳይሆን መጠየቅ ነው። መልሱን የሚያገኘው፣ ውሳኔውንም የሚወስነው ኃላፊው ራሱ ነው።

ሐሳቡ በውጭው ዓለም የራሱ ታሪክ አለው። ማይልስ ሜስ የተባሉት የሃርቫርድ መምህር እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ሥራ መሪዎች ዕድገት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አለቃ የበታቹን በሥራ ላይ እንዲያሳድግ ማስገንዘባቸው ይታወቃል። ቲሞቲ ጋልዌይ የተባሉት የቴኒስ አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት መጽሐፍ፣ ተጫዋቹ ትእዛዝ ከሚደራረብበት ይልቅ የራሱን አመታት እንዲያስተውል ቢደረግ የተሻለ እንደሚማር አስረዱ። የቀድሞው የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪ ጆን ዊትሞር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ወደ ሥራ አመራር አመጡት። የሙያው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1995 ተቋቋመ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ያቀርባል። መምህሩ ጉድለቱን ያመለክታል እንጂ የተማሪውን ድካም አይወስድበትም፤ ስለ ተማሪው ሆኖ መምህሩ ቢቆጥርለት ኖሮ ባለቅኔ ባልወጣ ነበር።

በዘመናዊው ሥራም የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም፣ አስተዳደሩ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል የሚመራ ነበር። በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያው በረራ ሲደረግ አብራሪዎቹም ሆኑ የአስተዳደር ሰዎቹ ከውጭ የመጡ ነበሩ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1966 ኢትዮጵያዊ ምክትል ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመ፤ በ1970 በተደረገው ውል የውጭው ድርጅት ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ተዛወረ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ይህ በድርጅቶች መካከል የተደረገ ስምምነት እንጂ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ምክር አይደለም። ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ትምህርት ይሰጣል። ወንበሩ ለተተኪው ሲለቀቅ ልምድ ያለው ወገን ወዲያው አልሄደም፤ ከመሪው ወንበር ወርዶ አጠገቡ ተቀመጠ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ነባሩ ኃላፊ ጡረታ በወጣ ማግሥት አዲሱ ብቻውን ይቀራል።

መካሪው በተግባር ምን እንደሚሠራ ለመረዳት፣ «ተቋራጩ ሁልጊዜ ይዘገያል» እያለ የሚያማርር አንድ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ በምሳሌነት ይወሰድ። ዊትሞር ያስተዋወቁት ዘዴ አራት ደረጃዎች አሉት። አንደኛው ግብ ነው፤ «በወሩ መጨረሻ ምን ተሠርቶ ማየት ይፈልጋሉ?» ሁለተኛው ያለው ሁኔታ ነው፤ «ባለፉት 30 ቀናት ተቋራጩ ስንት ጥያቄ በጽሑፍ አቀረበ? እያንዳንዱስ በስንት ቀን መልስ አገኘ?» ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ ብዙው ጥያቄ የተጓተተው በገዛ ጠረጴዛው ላይ መሆኑን ሊያገኝ ይችላል። ይህን መካሪው ቢነግረው ይከራከር ነበር፤ ራሱ ስላገኘው ግን ይቀበለዋል። ሦስተኛው አማራጭ ነው፤ «ከእርስዎ በቀር መልስ ሊሰጥ የሚችል ማን አለ? እስከ ምን ድረስ?» አራተኛው ቁርጥ ሐሳብ ነው፤ «ከሰኞ ጀምሮ የትኛውን ሥራ ለማን ይሰጣሉ? መፈጸሙስ በምን ይታወቃል?» በሚቀጥለው ቀጠሮ ውይይቱ የሚጀመረው ከዚህ ከመጨረሻው መልስ ነው።

ጊዜ የለም የሚል መቃወሚያ ይነሣ ይሆናል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ቢመደብ በስድስት ወር ውስጥ የሚወስደው 13 ሰዓት ነው፤ ይህም ሁለት የሥራ ቀን አይሞላም። ከዚህ ይልቅ ከባድ የሚሆነው ሌላው መቃወሚያ ነው፤ «ለመካሪው የተነገረው ወደ ሹመት ሰጪው ጆሮ ቢደርስስ?» ይህ ፍርሃት ተገቢ ነው። ስለዚህ መካሪው የኃላፊው የቅርብ አለቃ ሊሆን አይገባም፤ የተነገረውም ምስጢር ሆኖ መጠበቅ አለበት፤ በየዓመቱ ለሚደረገው የሥራ ግምገማም ማስረጃ ሆኖ መቅረብ የለበትም። አንድ ጊዜ እምነት የፈረሰ እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ለይስሙላ ብቻ ይሆናል።

የዘዴውን ወሰን ማወቅም ያስፈልጋል። ሕግና ደንብ ለማያውቅ ትምህርት እንጂ ጥያቄ አይበጀውም። ሥልጣንና በጀት ሳይሰጠው ኃላፊነት ለተጫነበት ሰው መካሪ መመደብም የመሥሪያ ቤቱን ጥፋት በእርሱ ላይ ማላከክ ይሆናል።

በመሆኑም ለማኅበሩ ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በሙያው ብዙ ዘመን ከቆዩትና ጡረታ ከወጡት አባላት መካከል ፈቃደኞች ተመዝግበው የመጠየቅንና የማዳመጥን ዘዴ እንዲሠለጥኑ፤ ልምድ ብቻውን መካሪ አያደርግምና። ሁለተኛ፣ አዲስ የተሾመ አባል ሁሉ ከሌላ መሥሪያ ቤት የሆነ መካሪ ለስድስት ወር እንዲያገኝ። ሦስተኛ፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚመረመረው የተነገረው ምስጢር ሳይሆን ውጤቱ እንዲሆን፤ ይኸውም ውሳኔዎች በስንት ቀን እንደሚሰጡ፣ ወጣት መሐንዲሶችም በሥራቸው መርጋት አለመርጋታቸው ነው።

ድልድይ ሲሠራ ቅስቱ ራሱን እስኪችል ድረስ በእንጨት ይደገፋል። እንጨቱ ያለ ጊዜው ቢነሣ ቅስቱ ይወድቃል፤ ለዘለዓለም ቢተው ደግሞ ድልድዩ አልተፈጸመም። መካሪም እንዲሁ ነው፤ ሥራው የሚመሰገነው የማያስፈልግበት ቀን ሲደርስ ነው።