የዕለት ሥራችንን በምን እናስታውስ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተሰጠ ንግግር)



የምንናገርበት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ እኛን ግን በዚህ ዓመት ብዙ አሳፍሮናል። ይኸውም ሥራን ጽፎ የመያዝና በጊዜው የመፈጸም ጉዳይ ነው።

እኛ የአንድ ክፍል ስድስት ተማሪዎች ነን። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ለሳይንስ ትርኢት የውሃ ማጣሪያ እንድንሠራ ታዘን ነበር። አሸዋ የሚያመጣው ከሰሉ ይቅደም ሲል፥ ከሰል የሚያመጣው ደግሞ ገና ሳምንት አለን ሲል ቀኑ ደረሰ፤ በጠረጴዛችን ላይ የተገኘውም ባዶ ባልዲ ብቻ ሆነ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው በእኛ ላይ ተፈጸመ።

ከዚያ ወዲህ በእጅ ስልክ ላይ ያለ ክፍያ ከሚገኙት የሥራ ማስታወሻ መተግበሪያዎች አራቱን፥ እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ሳምንት እየሠራንባቸው መረመርን። ያገኘነውንም እነሆ እናቀርባለን።

አንደኛው ማይክሮሶፍት ቱ ዱ ነው። ኩባንያው ስመ ጥር የነበረውን የበርሊኑን ዎንደርሊስት በ2015 እ.ኤ.አ. ከገዛ በኋላ ቱ ዱን በ2017 አወጣ፤ ዎንደርሊስትንም በ2020 ዘጋው። ስለዚህ በሰው ቤት ያኖሩት ዝርዝር ባለቤቱ በሩን የዘጋ ዕለት መነሣቱ እንደማይቀር ማወቅ ይገባል። የቱ ዱ መልካምነት የዕለቱ ገጽ በየማለዳው ባዶ ሆኖ መጠበቁ ነው። ተማሪው ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ ለዛሬ የሚችለውን ብቻ መርጦ ያስገባበታል፤ ከባዱንም ሥራ በትንንሽ ደረጃ ይከፋፍልበታል።

ሁለተኛው በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቱዱይስት ነው። ከሥራው ስም ጋር «ነገ» ወይም «በየሰኞው» የሚለውን በእንግሊዝኛ ቢጽፉለት ቀኑን ራሱ ለይቶ ይመዘግባል፤ በአማርኛ ቢጽፉለት ግን አያውቀውም። ደግሞም ያለ ክፍያ የሚፈቅደው 5 ፕሮጀክት ብቻ ስለ ሆነ፥ ለየትምህርቱ አንዳንድ ልክፈት ለሚል ተማሪ አይበቃውም።

ሦስተኛው በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ትሬሎ ነው። ይህ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ሆኖ «የሚሠራ»፥ «በመሠራት ላይ ያለ»፥ «ያለቀ» ተብሎ በዓምድ ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ሥራ በካርድ ተጽፎ ከዓምድ ወደ ዓምድ ይዛወራል። በካርዱ ላይ የሠሪው ስም ስለሚታይ «እኔ መስሎኝ አልነበረም» ማለት አይቻልም። ለማኅበር ሥራ ከአራቱ ይህን የሚተካከል አላገኘንም፤ ለብቻው ለሚሠራ ሰው ግን ግርግሩ ይበዛበታል።

አራተኛው ጉግል ታስክስ ነው። ቀላል ነው፤ የተጻፈውም ሥራ በዚያው ኩባንያ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይታያል። ነገር ግን ዝርዝሩን ከጓደኛ ጋር ለመጋራት አይመችም።

በአራቱም ላይ ያጋጠመን ችግር የሰዓት ነው። ከመካከላችን አንዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚጀመረውን ፈተና በስልኩ ላይ 2 ብሎ መዘገበው። ስልኩም ሌሊት በ8 ሰዓት ጮኸና ቤተ ሰቡን ሁሉ ቀሰቀሰ። ልጁ ደንግጦ አጠፋው፤ ተመልሶም ተኛ። ጠዋት የሚቀሰቅሰው አጥቶ ሲሮጥ ቢመጣ የፈተናው ክፍል በር ተዘግቶ አገኘው። የእኛ 2 ሰዓት በስልኩ 8 ሰዓት መሆኑን፥ ስልኩም ጳጉሜን የሚባል ወር እንደማያውቅ ያን ቀን በእንባ ተማርነው። አሁን የሥራውን ስም ስንጽፍ የአገራችንን ቀንና ሰዓት በፊደል እናስቀድማለን፤ ቀጥሎ ስድስት ሰዓት ለውጠን የስልኩን እንሞላለን።

ሌላም ነገር አለ። ከስድስታችን ስልክ ያለን አራት ብቻ ነን። ሁለቱን ጓደኞቻችንን ትተን በስልክ ብንመካከር ኖሮ ባልዲው ዳግመኛ ባዶ በቀረ ነበር። ስለዚህ የትሬሎን ሦስት ዓምዶች በትልቅ ወረቀት ላይ ሥለን ከክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ ካርዱንም ከአሮጌ ደብተር ቀደድን። አንድ ሳንቲም አላወጣንበትም፤ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም።

እንግዲህ ምክራችን አጭር ነው። ለብቻው የሚያጠና ስልክ ያለው ተማሪ በቱ ዱ ይጀምር፤ በማኅበር የሚሠራ ትሬሎን ይያዝ፤ ስልክ የሌለውም ደብተሩን በሦስት ዓምድ ያስምር እንጂ ጎደለብኝ ብሎ አይዘን። መተግበሪያ ያስታውሳል እንጂ አይሠራምና።

ማጣሪያው ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ቆሟል። ደፍርሶ የገባው ውሃ ጠርቶ ይወጣል፤ ሳይፈላ ግን አይጠጣም። የወረቀቱም ሰሌዳ ከጎኑ ተሰቅሏል፤ ካርዶቹ ሁሉ «ያለቀ» በሚለው ዓምድ ሥር ናቸው። ሄዳችሁ እንድትመለከቱልን በትሕትና እንጠይቃለን።