ስሙ የሚቀድመው የማን ነው?



ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ከበታቹ ትቶ ደጋው ላይ ሲደርስ የዶርዜ አገር ይገኛል። ዶርዜ በሸማ ሥራው የታወቀ ነው፤ ከዚያ የማያንሰው ሀብቱ ግን ዜማው ነው። የዶርዜ ዘፋኞች በአንድነት ሲያዜሙ ሁሉም አንድ መስመር አይከተሉም። ልዩ ልዩ ድምፆች የየራሳቸውን ዜማ ይዘው፣ እየተቀባበሉና እየተደራረቡ አንዱን ዘፈን ያቆሙታል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ቤርናር ሎርታ-ዣኮብ ይህን ዜማ ቀርጾ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ አገር በሸክላ እንዲታተም አድርጓል። በሸክላው ርዕስ ላይ የሠፈረው የሕዝቡ ስም ነው።

ከዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሙዚቃ ከተወለደበት ቀዬ ወጥቶ ወደ ሸክላ፣ ወደ ካሴት፣ ዛሬም ወደ ኢንተርኔት ሲገባ የማን ተብሎ ይጻፋል? እንግዳ ሙዚቀኛ ሲታከልበትስ መሪው ማን ይሆናል? ለዚህ የሚረዳ ምሳሌ ከአንድ ኢትዮጵያዊ የሳክስፎን ሊቅና ከአንድ የሆላንድ የፓንክ ሮክ ጓድ ታሪክ ይገኛል።

ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለደ። ገና በልጅነቱ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገብቶ፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግሏል። ትልቁ ሥራው የጦረኛውን ሽለላና ፉከራ ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ማሸጋገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊሊፕስ የተባለው ታላቅ የሆላንድ ኩባንያ ይህን ሥራውን በረጅም ሸክላ አወጣለት። ሆኖም ሸክላው ለውጭው ዓለም በሰፊው የተሰማው በፓሪስ፣ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደገና ከታተመ በኋላ ነው። ታላቅ ኩባንያ ሸክላ ማውጣቱ ብቻውን ስምን ሩቅ አያደርስም።

ከዚያው ከሆላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 «ዘ ኤክስ» የተባለ የፓንክ ሮክ ጓድ ተመሠረተ። በዚያ ዘመን የፓንክ ሙዚቀኞች ከታላላቅ ኩባንያዎች ጋር መዋዋል ይገባል ወይስ አይገባም በሚል ተከራክረዋል። የለንደኑ «ዘ ክላሽ» እ.ኤ.አ. በ1977 ከሲ.ቢ.ኤስ. ጋር ተዋውሎ የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ፣ አንዳንዶቹ እንደ ክህደት ቆጠሩት። ዘ ኤክስ ግን ሥራውን ራሱ ማሳተምን መረጠ። ይኸው ጓድ እ.ኤ.አ. በ2002 ኢትዮጵያ መጥቶ ተጫወተ፤ በ2004ም 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘው። ጌታቸውም የጓዱን አጨዋወት ከሰማ በኋላ እንዲያጅቡት ራሱ ጠየቃቸው።

ከዚህ የተወለደው «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 ቴርፕ በተባለ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ወጣ። በሽፋኑ ላይ የጌታቸው ስም ቀደመ፤ የጓዱ ስም ተከተለ። እንግዶቹ ዜማዎቹን አጠኑ እንጂ ሊያርሟቸው አልተነሡም። ጊታራቸውም ሻካራነቱን አልተወም፤ ሽለላውም አልለሰለሰም። እ.ኤ.አ. በ2008 በኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር አብረው ተጫወቱ። ጌታቸውም እ.ኤ.አ. በ2016 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ስሙ በውጭ አገር መድረኮች ሲጠራ ኖረ።

ይህ አካሄድ ለዶርዜ ዘፋኝ እንግዳ አይደለም። የየራስን መስመር ሳይለቁ አንድ ዘፈን ማቆም የጋሞ ደጋ የቆየ ጥበብ ነውና። ነገር ግን ድምፁ የጋራ ሲሆን፣ ዘፋኞቹ በሕዝቡ ስም ጥላ ሥር በቀላሉ ይጠፋሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችን መብት ያውቃል፤ ስሙ ያልተመዘገበ ከዋኝ ግን በሕጉ ፊት መብቱን ለማስረዳት ይቸገራል።

ስለዚህ መቅረጫ ይዞ ወደ ጋሞ ደጋ የሚወጣ ባለሙያ ሦስት ነገር ይጠበቅበታል፦ የእያንዳንዱን ዘፋኝ ስም ከያዘው የድምፅ መስመር ጋር መመዝገብ፤ ስምምነቱን ዘፋኞቹ በሚያውቁት ቋንቋ አስረድቶ መፈጸም፤ ከተቀረጸውም አንዱን ቅጂ እዚያው አገሩ ውስጥ ማስቀመጥ። ይህ ከተደረገ፣ ከዶርዜ የሚወጣው የሚቀጥለው አልበም የሕዝቡንም የዘፋኞቹንም ስም ይዞ ይወጣል።