ማዕድና ቴአትር በከሚሴ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ገንፎና ስለ ቴአትር ነው። የሚስቅ ቢኖር አንቀየምም። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከመጋቢትና ከሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን፣ ከሚሴን ተራ በተራ ያልፋል፤ አንዱ መንገድ ከሰሜን ሸዋ ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ሰሜን ሸዋ ይገባል። በእነዚያ ወራት አጣዬ ተቃጠለች፤ በጅሌ ጥሙጋም ሰው ሞተ፤ ሕዝቡ ከቤቱ ተፈናቀለ። ከመካከላችን ከዚህም ከዚያም ወገን ዘመድ የቀበርን አለን። በአንድ መኝታ ቤት እየተኛን በምግብ አዳራሹ ግን ጠረጴዛችን በቋንቋ ተለይቷል። ይህን ያደረግነው ማንም ሳያዘን ነው።

ስለ እኩልነት መነጋገር በዚያ አገር ለምን እንደሚከብድ እንንገራችሁ። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት የኦሮሞን፣ የአዊንና የኽምራን የብሔረሰብ አስተዳደሮች ያውቃል። በዞኑ የሚበዛው ኦሮሞ በክልሉ ሲታይ ጥቂት ነው፤ በዞኑ የሚኖሩት አማራና አርጎባ ደግሞ በተራቸው እዚያ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ «የተበደልኩ እኔ ነኝ» የሚል ሁሉ አንድ እውነት ይዟል፤ የሌላውን እውነት ለመስማት ግን ጊዜ የለውም። ስብሰባ ተጠርቶ ንግግር ቢደረግ ሰው አጨብጭቦ ይበተናል።

እኛ ባለፈው ዕረፍት በከሚሴ አጠገብ በሚገኝ አንድ መንደር ሌላ መንገድ ሞከርን። መጀመሪያ ያደረግነው ስሕተት ነበር። ገንዘብ አዋጥተን ፍየል ገዛን፤ አንድ ሙስሊም ወንድማችን ባረከው። ማዕዱ ሲቀርብ ክርስቲያኖቹ እንጀራቸውን በባዶው እያጎረሱ ተቀመጡ። የወሎ እናቶች ሠርግ ሲደግሱ ለእስላሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ ማረዳቸውን እያየን ያደግን ልጆች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ይህን ረሳነው!

በሁለተኛው ጊዜ ገንፎ አስገነፋን። ቀኑ ረቡዕ ስለ ነበረ በቅቤው ፈንታ ተልባ ሆነ። ገንፎ ደግሞ ሁሉም ከአንድ ገበታ የሚቆርሰው፣ ሁሉም እጁን ወደ አንድ መካከል የሚዘረጋበት ምግብ ነው። ደስ አለን። ኋላ ግን አንድ ነገር አየን፤ የገንፎውን ድስት የሠራችው ሸክላ ሠሪ ሴት ከበሩ አጠገብ ለብቻዋ ተቀምጣለች፤ ስኒዋም የተለየ ነው። ቡዳ ናት ይባላል። አማራውና ኦሮሞው ያለ ክርክር ተስማምተው ያገኘናቸው በዚህ ነገር ብቻ ነበር። እኛም ያን ዕለት አፍረን ዝም አልን፤ ዝምታችንን ዛሬ አንኮራበትም።

ቴአትሩን ያስገባነው በቶናና በበረካ መካከል ነው። አቦል ሲጠጣ ሰው ስለ ዝናብ ያወራል፤ ቶና ላይ ስለ ገበያ፤ ልቡን የሚከፍተው ወደ በረካው ሲቃረብ ነው። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ተጨቋኞች ቴአትር ጽፏል፤ በእርሱ ዘዴ ተመልካቹ ጨዋታውን አስቁሞ ራሱ ይገባበታል። ኬንያ ውስጥም በካሚሪቱ መንደር ገበሬዎችና ሠራተኞች ከንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ጋር ሆነው በ1977 እ.ኤ.አ. በገዛ ቋንቋቸው በኪኩዩ ተጫወቱ፤ መንግሥት ከለከለው፤ ንጉጊም ታሰረ። ጨዋታ ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ሰው አያሳስርም ነበር።

የእኛ ጨዋታ ቦርከና ዳር ስለ ጠፋች አንዲት ላም ነው። ገና አጋማሽ ላይ ሳለን አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ሌባው ለምን በእኔ ቋንቋ ብቻ ይናገራል? አስታራቂውስ ለምን አማርኛ ብቻ?» አሉን። እኛ አላስተዋልነውም ነበር፤ ሚናውን ያከፋፈልነው ማን የትኛውን ቋንቋ ያውቃል ብለን ብቻ ነው። ይቅርታ ጠይቀን በአስታራቂው ቦታ እንዲገቡ ለመንናቸው። ገቡ። እንደ ወሎ አበጋር ሆነው በኦሮምኛ ከሳሹንም ተከሳሹንም ጠየቁ፤ አንድ የክርስቲያን ወጣት ሳይጠየቅ ተነሥቶ አስተረጎመላቸው። ላሟ ተረሳች። ሰው ስለ 2013ቱ እሳት መናገር ጀመረ፤ ማን ማንን እንደ ሸሸገ፣ ማን ጎረቤቱን አይቶ ዞር እንዳለ። አንዳንዱ ንግግር መራራ ነበር፤ አንድ ሰው ተቆጥቶ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣም። በረካው ቀዘቀዘ።

አንታለል፤ በገንፎ የተቃጠለ ቤት አይሠራም፤ ካሣም ፍርድም አይተካም። ነገር ግን ካሣና ፍርድ የሚጠይቀው ሕዝብ ጎረቤቱም የሚጠይቀው እንዳለው ካልሰማ ምን ያደርጋል?

አሁን የምንለምናችሁ ይህ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ያንኑ ጨዋታ በራሳችን ምግብ አዳራሽ እናሳያለን። ኦሮምኛም አማርኛም የሚችሉ ሁለት ተጫዋቾች ይጎድሉናል፤ አርጎብኛ የሚያውቅ ቢገኝ ደግሞ እጅግ ደስ ይለናል። መምህራን ሆይ፣ እናንተም ኑ፤ ነገር ግን ከፊት ወንበር አናስቀምጣችሁም። ስኒዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ድስቱን ከዚያችው ሴት ገዝተናል፤ እርስዋንም ጠርተናል፤ እመጣለሁ ብላለች፤ የት እንደምትቀመጥ ግን ገና አልተነጋገርንም።